ከአንድ ሰፌድ በቆሎ ተነስቶ ከዩኒቨርሲቲ ጋር እንዴት ይሠራል?

ከዩኒቨርሲቲ ጋር መሥራት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አዳራሽ፣ የታሸገ ውሃና የመግባቢያ ሰነድ ነው። እኔም አንዴ እንዲህ ዓይነት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። ተፈረመ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ምሳ ተበላ። ከዚያ በኋላ የደወለልን የለም። እኛም አልደወልንም፤ ምን ብለን እንደምንደውል አናውቅማ! እጃችን ላይ አንድም ጥያቄ አልነበረም።

ስለዚህ ፊርማውን ወደ ኋላ እናቆየውና ከጥያቄው እንነሳ። ምሳሌዬ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም አካባቢ የበቆሎ መፈልፈያ የሚሠራ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ስለሆነ ነው የመረጥኩት። ዘይት ለሚጨምቅም ዱቄት ለሚፈጭም አካሄዱ ያው ነው።

1. ችግሩን ይለኩት

"ማሽናችን ፍሬ ይሰብራል" ማለት ለመምህር ብዙ አይነግረውም። ምን ያህል ይሰብራል? የትኛውን በቆሎ?

አንድ ኪሎ የተፈለፈለ በቆሎ ከማሽኑ አፍ ላይ ይቀበሉ። ሰፌድ ላይ ዘርግተው የተሰበረውንና የተሰነጠቀውን በእጅ ይልቀሙና ለብቻው ይመዝኑት። ከ1,000 ግራሙ 90 ግራም ከወጣ፣ ስባሪዎ 9 በመቶ ነው። ከተለያየ ገበሬ በመጣ በቆሎ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። አሰልቺ ነው፤ ግን ስባሪ ቀላል ነገር አይደለም። የተሰበረ ፍሬ ጎተራ ሲገባ ነቀዝና ሻጋታ ቶሎ ያገኘዋል።

ቀጥሎ የማሽኑን ልክ ይጻፉ። ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ የሞተሩ ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መንኮራኩር) ዲያሜትር 10 ሴንቲ ሜትር፣ የከበሮው (በቆሎውን የሚፈለፍለው ተሽከርካሪ ክፍል) ፑሊ ደግሞ 20 ከሆነ፣ ቺንጋው እስካልተንሸራተተ ድረስ ከበሮው 750 ጊዜ ይዞራል። በከበሮውና ከሥሩ ባለው ወንፊት መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊ ሜትር ይለኩ። የእርጥበት መለኪያ ከሌለዎት በቆሎው ከተሰበሰበ ስንት ቀን እንደሆነው ይመዝግቡ። ስባሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከፍጥነት፣ ከክፍተት ወይም ከእርጥበት ነው።

አንዳንዴ ይህን ጽፈው ሲጨርሱ መልሱ ራሱ ብቅ ይላል። ፑሊ ቀይረው ይገላገላሉ፣ የትም መሄድ ሳያስፈልግዎት።

2. የሚያንኳኩትን በር ይምረጡ

እኔን ከጠየቁኝ መጀመሪያ በከተማዎ ያለውን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያናግሩ። ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት መስጠት ሥራቸው ነው። አሰልጣኞቹ ብየዳውንም ቶርኖውንም (የብረት መቅረጫ ማሽኑን) በእጃቸው ያውቁታል።

ከእነሱ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሂዱ። ጎጃም ውስጥ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ አሉ። ለማሽን ነገር የባሕር ዳሩ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይቀናል፤ ሥሩ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ነው። የክርና የጨርቅ ጉዳይ ከሆነ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለዚያ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለው። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይህ አይገርምም። ዘርና አዝመራ ከሆነ ደግሞ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲደርሱ የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮን ይጠይቁ። ደብዳቤዎን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብተው ቁጥሩን ይያዙ። ደብዳቤው በራሱ ጊዜ ይዞራል። እርስዎ ግን የዚያኑ ዕለት ወደ ትምህርት ክፍሉ ብቅ ብለው አንድ መምህር ይፈልጉ።

"ጋሼ፣ ማሽኑ የት ነው ያለው?"

"ፍኖተ ሰላም ነው መምህር። በቆሎውን ግን ይዤልዎት መጥቻለሁ።"

ከዚያ ሁለት ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ቁጭ። አንዱ ደህና ፍሬ፣ አንዱ ስባሪ፣ ላያቸው ላይ ግራማቸው ተጽፎ። ይህን ያየ መምህር ፕሮፖዛል ይጻፉልኝ ከማለቱ በፊት ስባሪውን መዳፉ ላይ አድርጎ ማገላበጥ ይጀምራል።

3. ጊዜውን ያስሉ

ብዙው ትብብር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በቆሎ የሚፈለፈለው ከኅዳር ወዲህ ነው። መምህሩ ጥያቄዎን ለአንድ ተመራቂ ተማሪ የፕሮጀክት ርዕስ አድርጎ ሊሰጠው ይችላል፤ ርዕስ የሚያዘው ደግሞ በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ጥር ላይ ቢመጡ ርዕሱ ሁሉ ተይዞ ያገኙታል። ሰኔ ላይ ቢመጡ ደግሞ በቆሎው ገና ቡቃያ ነው፤ ምን ሊፈለፈል? መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ይድረሱ። የትምህርት ካሌንደሩ የተዛባ እንደሆነ ትምህርት ክፍሉን ቀድመው በስልክ ይጠይቁ። ለማንኛውም ሁለት ኩንታል ያልተፈለፈለ በቆሎ ለሙከራ ያስቀምጡ።

4. አሁን ወረቀቱ

አንድ ገጽ ይበቃል። ጥያቄው ከነቁጥሩ፦ "ስባሪውን ከ9 በመቶ ወደ 3 ማውረድ።" ማን ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ብረቱን ማን እንደሚገዛ። አበልና ትራንስፖርትም ሳይታፈር ይጻፍ። ዝም የተባለ አበል በኋላ ቅያሜ ይሆናል።

አዲስ ነገር ከተገኘ የማን እንደሆነም ይጻፍ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት አነስተኛ ፈጠራም ጥበቃ ያገኛል። የተማሪው ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ከመግባቱ በፊት ይነጋገሩበት። እውነቱን ለመናገር ለፑሊ ለውጥ መካሰስ ድካም ነው። ጎረቤት ያለው ወርክሾፕ አንዴ በዓይኑ ካየው ይሠራዋል።

5. ተማሪው ሲመጣ

ሻይ አይላኩት። ማሽኑን ከሚያንቀሳቅሰው ልጅ አጠገብ ያቁሙት። ልጁ "ድምፁ ሲወፍር ነው መስበር የሚጀምረው" ካለ ያም ይጻፍ። በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ክፍተቱን የነካ ዕለት ፑሊውን አይንካ፤ አለዚያ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ያው ሰፌድ ይወጣል።

መንገድ ተዘግቶ መምጣት ካቃተው ልኬቱን ራስዎ ወስደው በስልክ ይንገሩት። ለዚህ ሲባል ተማሪው ልኬቱን ከሚመዘግብበት ቅጽ አንድ ኮፒ ወርክሾፑ ውስጥ ይቀመጥ።

ሲጨርስ የንድፉን ኮፒ ይቀበሉ። ልኩ በሚሊ ሜትር፣ ማብራሪያው በአማርኛ ይሁን። ተማሪው ሻንጣውን ከማንሳቱ በፊት በያጅዎ አንብቦ አንዷን ክፍል ቆርጦ ያሳየው። የተምታታ ነገር ካለ ያኔውኑ ይታረማል።

ወቅቱ ሲያልፍ እንደገና አንድ ኪሎ ይልቀሙና ቁጥሩን ለመምህሩ ይላኩ። 3 ቢሆንም፣ 7 ላይ ቢቀርም። 7 ላይ ከቀረ በመጪው ጥቅምት ፌስታሎቹን ይዘው ተመልሰው ይሂዱ።