ባለቤቱ ያልታወቀ ቦርሳ ሲገኝ የሚሠሩ ስህተቶች

መንገድ ተዘግቷል። ባቡር ቆሟል። ሰው ከገመዱ ውጭ ተሰብስቦ ስልኩን ይነካካል። በመጨረሻ ወሬው ይመጣል፤ ቦርሳው ውስጥ የተገኘው የስፖርት ልብስና ፎጣ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ግርግር?» ይባላል።

የጥበቃ ሠራተኞችን ሳሠለጥን ይህ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ፖሊስ ነገር ያጋንናል ወይ? አንዳንዴ አዎ፣ ያጋንናል። ግን ሰው የሚያማርርበትና እውነተኛው ጥፋት ያለበት ቦታ ለየቅል ነው። መንገድ መዝጋቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የሚያናድደኝ ከመዝጋቱ በፊት ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው። ከዘጉ በኋላም እውነቱ ሲመጣ አለመስማታቸው። ከሕዝቡም፣ ከጥበቃውም፣ ከፖሊሱም በኩል ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

በውጤቱ መፍረድ

ቦርሳው ባዶ ሆኖ ተገኘ ማለት ውሳኔው ስህተት ነበር ማለት አይደለም። ፖሊሱ የወሰነው ቦርሳው ከመከፈቱ በፊት ነው። የሚፈረደውም በዚያች ሰዓት በሚያውቀው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2004 ማድሪድ ውስጥ አራት ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈነዳ። ያልፈነዳ አንድ ቦርሳ ተሳፋሪዎች ጥለዋቸው ከሄዱት ዕቃዎች ጋር ተሰብስቦ ተወሰደና ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ማንም አልጠረጠረውም። ሌሊት ላይ ሲከፈት ፈንጂና ከፈንጂው ጋር የተያያዘ ሞባይል ተገኘ። በኋላ ተጠርጣሪዎቹ የተያዙት የዚያን ስልክ ሲም ካርድ ተከትሎ ነው። ቦርሳው ግን ለሰዓታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ ሰው መሃል ሲቀመጥ ነበር የዋለው። «የሆነ ሰው የረሳው ዕቃ ነው» የሚለው ግምት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት ይህ ይበቃል።

ቀርቦ መነካካት

አትንኩ፣ አትክፈቱ፣ በእግር አትግፉ። አለቀ።

ይህን የማያውቅ ጥበቃ የለም። ግን በልምምድ ላይ የማየው ሌላ ነው። ጎበዝ፣ ገና ጀማሪ የሆነ ልጅ ቦርሳው አጠገብ ቁጢጥ ይላል። ዚፑ ትንሽ ገርበብ ብሏል። የስልኩን መብራት አብርቶ በክፍተቱ አጮልቆ ያያል። በዚያው ቅጽበት ወገቡ ላይ ያለው ሬዲዮ ይንጫጫል። «ሰው በከንቱ እንዳላስቸግር ብዬ ነው» ይላል ሲጠየቅ። ልቡ ንጹሕ ነው፤ እንዲህ ያሉትን ልጆች እወዳቸዋለሁ። ግን እዚያ ቦታ ላይ ሕይወቱን ይዞ ነው የተጫወተው። የብሪታንያ መመሪያ ከዕቃው 15 ሜትር ሳይርቁ ሬዲዮም ሆነ ሞባይል አትጠቀሙ ይላል። መጀመሪያ ራቅ፣ ከዚያ ተናገር።

ሳይጠይቁ ማስደንገጥ

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሰው ቦርሳ ይረሳል። በየቀኑ ይረሳል። አግዳሚ ወንበር ሥር የተቀመጠ ቦርሳ ብቻውን አጠራጣሪ ሊሆን አይችልም፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ አንድም ጣቢያ ክፍት ሆኖ አይውልም ነበር። የብሪታንያ የባቡር ፖሊስ ለዚህ ሲል ሦስት ቀላል ጥያቄዎች ያስተምራል። ዕቃው ሆን ተብሎ ተደብቋል? በግልጽ የሚያስጠረጥር ነገር አለው፤ ሽቦ፣ ባትሪ፣ ፈሳሽ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ነገር? ለቦታው የተለመደ ዓይነት ዕቃ ነው ወይስ አይደለም? ሦስቱን ለመመለስ መንካት አያስፈልግም። ዓይን ይበቃል።

ከዚያ ደግሞ አፍ አለ። «ይህ ቦርሳ የማን ነው?» ብሎ ጮክ ብሎ መጠየቅ ምን ያሳፍራል? ጥበቃው ሬዲዮውን ያነሳል፣ አለቃው ፖሊስ ይጠራል፣ ፖሊስ ሕንፃውን ያስወጣል፤ ባለቤትየው ደግሞ አጠገባቸው ቡና ለመግዛት ተሰልፎ ነው! ካሜራ አለ፤ ማን እንዳስቀመጠው፣ ተጣድፎ ረስቶት ይሁን ወይስ ዙሪያውን እያየ አስቀምጦት ይሂድ፣ ደቂቃዎች ወደኋላ መልሶ ማየት ይቻላል። ጎን ያለውን ሱቅ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ሁሉ ሳይደረግ «ቦምብ ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ሕዝብ መሃል መልቀቅ በራሱ አደጋ ነው። ሰው በአንድ በር ሲጋፋ አሮጊት ትወድቃለች፣ ሕፃን ይረገጣል። ሦስት ጊዜ በባዶ ያስሮጡት ሰው ደግሞ በአራተኛው ከወንበሩ አይነሳም።

ለሦስቱ ጥያቄዎች የሚያሰጋ መልስ ከመጣ ግን አንድ ሰከንድ ማመንታት የለም።

አቅርቦ መከለል

ገመድ 20 ሜትር ላይ አስሮ «ከልለናል» ማለት ዋጋ የለውም። የተለመደው መነሻ ለእጅ ቦርሳ 100 ሜትር፣ ለትልቅ ሻንጣ ወይም ለቤት መኪና 200፣ ለከባድ መኪና 400 ሜትር ነው። ፊልም ለመቅረጽ መስታወት ሥር የሚቆም ሰው ከርቀቱም አይጠቀምም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በተሰባበረ መስታወት ነው። ሰዉን ከመላካችሁ በፊት የሚሰበሰብበትን ቦታ ራሱን ፈትሹ፤ ሁለተኛ ዕቃ እዚያ ሊኖር ይችላል።

ከዘጉ በኋላ ጆሮ መድፈን

ፖሊስ በእውነት አጋነነ የምለው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2007 ቦስተን። አንድ ተሳፋሪ ጣቢያ አጠገብ ከአውራ ጎዳና ድልድይ ሥር ሽቦና ባትሪ ያለው ሰሌዳ አይቶ አመለከተ። ፈንጂ አምካኞች መጥተው አጠፉት። እስከዚህ ድረስ አልወቅሳቸውም፤ ቦታውም ዕቃውም ያስጠረጥራል። ከሰዓት በኋላ ግን ያው ዓይነት ሰሌዳ ከየአቅጣጫው ሪፖርት መደረግ ጀመረ። በትንንሽ አምፖሎች የተሠራ የካርቱን ምስል ነው፤ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ማስታወቂያ። ከአንድ የፖሊስ ባለሙያ በኩልም ምስሉ የካርቱን ገጸ ባሕርይ እንደሆነ ታወቀ። ያው ሰሌዳ በሌሎች ዘጠኝ የአሜሪካ ከተሞች ለሁለት ለሦስት ሳምንት ተሰቅሎ ከተማ አልተዘጋም። ቦስተን ውስጥ ግን መንገድ፣ ድልድይ፣ የወንዙ ክፍል ሳይቀር ተዘጋ።

ማስታወቂያውን ያሠራው ኩባንያ ለፖሊስ ሳያሳውቅ ማሰቀሉ ትልቅ ጥፋት ነው፤ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። የሚቆጨኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሰሌዳዎቹን የሰቀሉት ሁለት ወጣቶች ሐሰተኛ ቦምብ በማስቀመጥ ተከሰሱ። ሕጉ ደግሞ ሰውን ለማስፈራራት ማሰብን ይጠይቃል፤ ማስታወቂያ የሰቀለ ሰው ይህ ሐሳብ የለውም። የማኅበረሰብ አገልግሎት ከሰጡ በኋላ ክሱ ተነሳ። «ጠረጠርን፣ አጣራን፣ ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ» ብሎ መንገዱን መክፈት ይቻል ነበር። ያን ማለት የፖሊስን ክብር አይቀንስም።

የጠቆመውን ማሳቀቅ

እ.ኤ.አ. በ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ ሪቻርድ ጁዌል የሚባል ጥበቃ ፓርክ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ሥር የተተወ ቦርሳ አየ። ለፖሊስ ተናገረ። ሰዉን ማራቅ ተጀመረ፤ ሳያልቅ ፈነዳ። ፍንዳታው አንዲት ሴት ገደለ፣ አንድ የካሜራ ባለሙያ በልብ ድካም ሞተ፣ ከ100 በላይ ሰው ቆሰለ። ሰዉ ባይርቅ ኖሮ የሟቹ ቁጥር ይበዛ ነበር። ታዲያ ይህ ሰው ምን አገኘ? ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ተጠርጣሪ ተብሎ ቤቱ ተፈተሸ፣ ጋዜጠኛ ደጁ ላይ ሰፈረበት። ኋላ ነጻ መሆኑ ተነገረ፤ እውነተኛው አድራጊ ኤሪክ ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ2005 ጥፋቱን አመነ።

ይህን ታሪክ በየሥልጠናው እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉ ሥራ የቆመው በተራ ሰው ዓይን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ ከቆመ መኪና ጭስ ሲወጣ አይተው ለፖሊስ የተናገሩት የጎዳና ነጋዴዎች ናቸው። መኪናው ውስጥ የነበረው ቦምብ ሳይፈነዳ ቀረ። የጠቆመ ሰው ቢሳሳት እንኳ «እናመሰግናለን» ተብሎ ይሸኝ። የተቆጡት ሰው ሌላ ቀን አይቶ ያልፋል።

«ፖሊስ አፈነዳው፤ ቦምብ ነበር ማለት ነው» ማለት

ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሮቦት ይላካል፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ ዕቃው ላይ ይተኮሳል፣ ሽቦውና ባትሪው ሳይሠራ ይበታተናል። ድምፁ ከባድ ነው። ፎጣም ቢሆን እንዲያው ነው የሚደረገው። ፖሊስ ይህን ወዲያው ካልተናገረ ወሬው ቀድሞት ይሮጣል።

የልምምድ ዕቃ መርሳት

በሜይ 15 ቀን 2016 ማንቸስተር፣ ኦልድ ትራፎርድ ስታዲየም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ወጣ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ከቦርንማውዝ የሚያደርጉት ጨዋታ ለሌላ ቀን ተላለፈ፣ የጦር ሠራዊት ባለሙያዎች መጥተው ዕቃውን አፈነዱት። መጸዳጃ ቤት ውስጥ የተገኘው ከልምምድ በኋላ ሳይነሳ የቀረ የማሠልጠኛ ዕቃ ነበር። ፖሊስ ያደረገው ሁሉ ልክ ነው፤ ዕቃው እውነተኛ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነውና። የልምምድ ዕቃ በቁጥር ይወጣል፣ በቁጥር ይገባል፤ የሚቆጥረውም ያስቀመጠው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን።

ባለቤቱ ፈርቶ መጥፋቱ

ሰውየው ቦርሳውን ረስቶ ተመልሶ ሲመጣ ገመድና የፖሊስ መኪና ያያል። ይደነግጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ለሰዓታት የተዘጋ መንገድ ስንት ነው! የእናንተ ከሆነ ገመዱ ላይ ወደቆመው ፖሊስ ሂዱና ቀለሙን፣ ውስጡ ያለውን፣ የት እንዳስቀመጣችሁት ተናገሩ። በካሜራ ያመሳክራሉ፣ ነገሩ ያልቃል። ገመዱን አልፋችሁ ራሳችሁ ልታነሱት ግን አትሞክሩ።