ደኑ በነሐሴ «የሚሞተው» ለምንድን ነው? የሳተላይት ካርበን ስሌት ችግርና መፍትሄ

ምስል ማውረዱን፣ ቦታችሁን መቁረጡንና ኤንዲቪአይን (ካርበን ለመገመት የሚጠቅመውን የቅጠል አረንጓዴነት መለኪያ) ማስላቱን ትችሉበታላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ምልክት፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የኤንዲቪአይ ግራፉ ገደል ይገባል

ጅማ ውስጥ ሰው ላፕቶፑን አቅፎ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ይሄው ነው። አንድ ተማሪ «በለጠ» የሚባለው የጅማ አካባቢ ደን ክረምት ላይ ካርበን መሳብ ያቆማል ብሎ ሙሉ ምዕራፍ ጽፎ መጣ። ዝናቡ ሥሩን አፍኖት ነው ይላል። ደኑ ድረስ ብቅ ብሎ ቢሆን ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያገኘው ነበር።

ምክንያቱ ደመና ነው። ምስሉን የሚያነሳው ሳተላይት፣ ሴንቲኔል-2፣ በየ5 ቀኑ ቢያልፍም ክረምት ላይ የሚያየው የደመናውን ጀርባ ነው። እዚያ ላይ ኤንዲቪአይ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

መፍትሄው፦ ኤስሲኤል በሚባለው ባንድ (እያንዳንዱ ፒክሰል ምን እንደሆነ በቁጥር የሚናገር ነው) ላይ 3ን (የደመና ጥላ)፣ 8ን፣ 9ንና 10ን (ደመና) ጣሉ። 11 በረዶ ነው ይላል። ጅማ ላይ መሬት ሸፍኖ የሚያድር በረዶ የለም፤ እሱንም ጣሉት። ግን አለቀ እንዳትሉ። ዋናው ተንኮለኛ ስስ ጭጋግ ነው፤ ኤስሲኤል «4፣ ዕፅዋት» ብሎ ያሳልፈዋል። ሰማያዊውን ባንድ ክፈቱ። ጥቅጥቅ ያለ ደን ላይ ነጸብራቁ ከ0.05 በታች ነው። 0.1 ካለፈ ፒክሰሉን አትመኑት። የደመናውንም ጠርዝ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር አስፉት።

«ደመናው ከ20 በመቶ በታች ነው» ብሎ ተማምኖ የሚመጣ ሰው ያናድደኛል። ቁጥሩ የመላው 110 በ110 ኪሎ ሜትር ምስል ነው። ያ ሁሉ ደመና እናንተ ደን ላይ ተጎልቶ ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ክፍተት በቀጥታ መስመር ሰፍታችሁ ዓመታዊ ድምር አታውጡ። ስንት ንጹህ ምልከታ እንደተረፈ ጻፉ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ደመና ብርሃን ስለሚቀንስ ፎቶሲንተሲስ የምር ሊቀንስ ይችላል። እሱን ግን ከብርሃን መጠን ዳታ ፈልጉት፤ ከቅጠል አረንጓዴነት አታገኙትም።

ምልክት፦ ኤንዲቪአይ በአንዴ ወርዶ እዚያው ቀረ

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ጀምሮ በሴንቲኔል-2 የፒክሰል ቁጥር ላይ 1000 ይጨመራል። ቀንሱት። ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ውስጥ «ሃርሞናይዝድ» የሚባለው የምስል ስብስብ ላይ ግን ተቀንሷል። ሁለቴ እንዳትቀንሱ!

ምልክት፦ ቡናው ደን ተብሎ ተቆጠረ

ጥላ ዛፉ ቡናውን ሸፍኖታል። ሥር ያለው ተመንጥሮ ቡና ሲተከል ካርበኑ ይቀየራል፤ ከላይ ግን አረንጓዴው ያው ነው። ኤንዲቪአይም ቅጠል ሲበዛ ይጠግባል፤ ከዚያ በላይ ብዙም አይጨምርም። ጌዲ (ከሕዋ ጣቢያ ላይ ሌዘር የሚልክ መሣሪያ) የለካውን የዛፍ ቁመት ጨምሩ። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ግቡና የግንዱን ውፍረት ለኩ።

ምልክት፦ ነጥቦቹ ከ200 ሜትር በላይ ሸሹ

የድሮው ካርታ በአዲንዳን (የቀድሞው የካርታ መነሻ ሥርዓት) የተሠራ ነው፤ ጂፒኤስ ወደሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ 84 ቀይሩት።