እምቢታችሁን በምክንያት አታጅቡት

ማታ ለመዝናናት በወጣችሁበት ቤት የማታውቁት ሰው አብረን ካልጠጣን ወይም ስልክ ቁጥር ካልተሰጠኝ እያለ ሲያስቸግራችሁ፣ ለምን እንደማትፈልጉ አታስረዱት። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» የሚለውን አጭር መልስ በተረጋጋና በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ፤ ሰውየው ቢለማመጥም ሆነ ቢቆጣ ቃሉን ሳትለውጡ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማችሁ ፊታችሁንና ትከሻችሁን ወደ ጓደኞቻችሁ አዙሩ።

ዘዴው የሚሠራው የምትሰጡት ምክንያት ሁሉ መከራከሪያ ስለሚሆን ነው፤ «ነገ በጠዋት ሥራ አለኝ» ላለ ሰው «አንድ ብርጭቆ ብቻ» የሚል መልስ አይጠፋም፣ «የፍቅር ጓደኛ አለኝ» ላለም «ታዲያ የት አለ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ምክንያት ያልተሰጠበት እምቢታ ግን የሚመዘዝ ክር የለውም። በይሉኝታ የምናክላት ፈገግታም እንደ ግማሽ እሺታ ልትቆጠር ስለምትችል ብትቀር ይሻላል።

ይሁን እንጂ ሰውየው እጅ መያዝ፣ መንገድ መዝጋት ወይም መከተል ከጀመረ፣ አለዚያም ስካሩ ንግግር የማያሰማው ከሆነ፣ ይህ ዘዴ አይበቃም፤ መልስ መስጠቱን ትታችሁ ወዲያውኑ ወደ ቤቱ አስተናጋጆች ወይም ጥበቃዎች ሂዱ፤ ስትወጡም ብቻችሁን አትውጡ።