አልነሳ ያለ ባቡር፦ በሽታውን ከጭሱ ማወቅ

ለገሃር ግቢ ውስጥ የናፍጣ ዕቃ ባቡር ሲያስቸግር፣ ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት መፍቻ አያነሱም ነበር። ቀና ብለው ጭሱን ያያሉ። ዛሬ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩን የሚያደነቁረው ጄኔሬተር ግን ያው ናፍጣ ጠጪ ነው፤ ዘዴያቸው እዚያም ይሠራል።

ሞተሩ ይዞራል፣ ጭስ ግን የለም፦ ናፍጣው አልደረሰም። ፊልትሮ (የናፍጣ ማጣሪያው) ተቀይሮ ወይም ታንከሩ ደርቆ ከነበረ መስመሩ አየር ስቧል። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ብሎን አላሉና የእጅ ፓምፑን ግፉ። መጀመሪያ እንደ ቢራ አረፋ ይወጣል። አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲመጣ፣ እየፈሰሰ እያለ እሰሩት።

ነጭ ጭስ፦ በኅዳር ብርድ ለጥቂት ደቂቃ ቢያጨስ አትደንግጡ። ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ሲሞቅ ይተዋል። ሞቆም ካልተወና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ፣ ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቷል ወይም ቴስታታ (የሞተሩ ክዳን) ተሰንጥቋል። ወዲያው አጥፉት። እንዲህ ያለውን ሞተር አድሮ ዝም ብላችሁ አታስነሱት፤ ውሃው ሲሊንደር (ናፍጣው የሚቃጠልበት ክፍል) ውስጥ ገብቶ ይሆናል። መጀመሪያ የየሲሊንደሩ መፈተሻ ቀዳዳ ተከፍቶ በቀስታ ይዞራል። ከአንዱ ውሃ ፊጭ ካለ ተዉት። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ቢየላውን (ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ) ያጣምማል።

ጭነት ሲይዝ ጥቁር ጭስ፦ ናፍጣው በዝቶ አየሩ አንሷል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ከጅቡቲ ወደብ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ እዚያ ደህና የነበረ ሞተር እዚህ ትንሽ ቢያጨስ አይገርምም። ትንሽ ካልሆነ ግን ከርካሹ ጀምሩ። የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ የበጋ አቧራ ደፍኖት ይሆናል። ቀጥሎ ከቱርቦ (አየር አምቆ ከሚገፋው) ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የላስቲክ ቱቦ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሳሙና ውሃ ቀቡት። አረፋ ከፈላ ተሰንጥቋል። ኢንጀክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) የመጨረሻው ነው። እኔ ይሄን እያወቅሁ አንድ ጋራዥ የጄኔሬተሬን ኢንጀክተሮች በሙሉ አስቀየረኝ። ጭሱ ያው። ጥፋቱ ላስቲኩ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ነበረች! ገንዘቤን ማን ይመልስልኝ?

ሰማያዊ ጭስ፦ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሁሉም «ፋሻው አልቋል» ይላል፤ ፋሻ ማለት የፒስተኑ ቀለበት ነው። ቆዩ። ግቢ ውስጥ ፉርጎ የሚያቀያይር ባቡር ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ሲንዶቀዶቅ ይውላል። ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ዘይት ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ጭነት አስጎትቱት። ከጠራ ፋሻው ደህና ነው።

ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ባዶውን ከዞረ፦ በክረምት ሐዲዱ ያዳልጣል። ጎማው ፊት አሸዋ የሚረጨውን ቧንቧ እዩ። አሸዋው ረጥቦ ተጋግሮ ይሆናል። ቧንቧውን በመዶሻ አትቀጥቅጡት። አሸዋውን ገልብጡትና በብረት ምጣድ እንደ ቆሎ አምሱት፤ ሲቀዘቅዝ ነፍታችሁ መልሱት።