በራጅ ክፍል በር ላይ ነፍሰ ጡሮች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ከጣርማ በር ወዲያ የመጣች የአምስት ወር ነፍሰ ጡር፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ስታስል ከርማ፣ የሳንባ ነቀርሳ ይሆን ተብሎ የደረት ራጅ ታዘዘላት። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ፣ በራችን ላይ ስትደርስ አማቷ «ሆድሽ ያለውን ሊያቃጥሉብሽ ነው» ብለው ይዘዋት ተመለሱ።

አንደኛው ስህተት ይኸው ነው፤ ጨረርን ሁሉ እኩል መፍራት። በአንድ የደረት ራጅ ጽንሱ ዘንድ የሚደርሰው ከ0.01 ሚሊግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አይበልጥም። ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ የሚመጣው የተፈጥሮ ጨረር በዘጠኙ ወር ውስጥ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግሬይ ገደማ ያደርስበታል። ደጋ ላይ ደግሞ የሰማዩ ድርሻ ከቆላው ይበልጣል፤ ጨረር ፈርታ ሸዋ ሮቢት ልውረድ ያለች ግን እስካሁን አልገጠመችኝም። ከ50 ሚሊግሬይ በታች የአካል ጉድለትም ሆነ ውርጃ ሲጨምር አልታየም። ያልታከመ የሳንባ ነቀርሳ ግን እናትንም ልጅንም ይጎዳል።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ እርግዝናን መደበቅ። አዲስ ሙሽራ በባሏ ወንድም ፊት «የወር አበባሽ ቀርቷል?» ስትባል አንገቷን ደፍታ «አልቀረም» ትላለች። እኔ አሁን አጃቢውን አስቀድሜ አስወጣለሁ። ሆድና ዳሌን የሚያነሳ ሲቲ ስካን እስከ 50 ሚሊግሬይ ሊያደርስ ስለሚችል፣ እርግዝናዋን ካወቅን ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሊተካው ወይም መጠኑን ሊያስቀንስ ይችላል።

አልትራሳውንድን ከራጅ ጋር መደባለቅም አለ። እሱ ድምፅ ነው፤ ኤምአርአይ ደግሞ ማግኔት። ሁለቱም እንዲህ ያለ ጨረር የላቸውም።

የሚያሳዝነኝ ግን አራተኛው ነው። ማርገዟን ሳታውቅ ራጅ ተነስታ፣ ኋላ ስታውቅ ጽንሱን ለማስወረድ የምትጣደፍ አለች። ከ100 ሚሊግሬይ በታች የደረሰ ጨረር ብቻውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ይህ የዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን አቋም ነው። የተነሳችበትን ቀንና የአካል ክፍሉን ይዛ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ መጠኑ ይሰላል።

ያቺ እናት በአሥረኛው ቀን ተመለሰች፤ አማቷም አብረው። ደረቷን ሳህኑ ላይ አስጠግታ ትንፋሿን ያዘች። ማሽኑ ጠቅ አለ። አማቷ ከበሩ ውጭ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ብለው ጠየቁኝ።