ዊንተርን በአርቪ ማሳለፍ፦ ሙቀቱን ውሃው ወዳለበት ማድረስ

በዴንቨር ወይም በሚኒያፖሊስ ብርድ አርቪ (እንደ ቤት የሚኖርበት መኪና ወይም ተጎታች) ውስጥ የሚያድር ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የኤሌክትሪክ ሂተር ነው። ፕሮፔን ይቆጥባል፣ ድምፁ አይረብሽም፣ ክፍሉንም ቶሎ ያሞቃል። ጠዋት ቧንቧው ሲከፈት ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። በብዙ አርቪዎች ከፈርነሱ (በፕሮፔን ጋዝ ከሚሠራው የአርቪው ዋና ማሞቂያ) ከሚወጣው ሙቅ አየር ከፊሉ በቱቦ ወደ ወለሉ ሥር ይሄዳል፤ ታንኮቹና የውሃ መስመሩ የሚሞቁት በሱ ነው። የኤሌክትሪኩ ሂተር ክፍሉን ሲያሞቀው ሙቀት ተቆጣጣሪው ቴርሞስታት ፈርነሱን አያስነሳውም። እናንተ ሞቋችሁ ተኝታችሁ ከበታቻችሁ ያለው ውሃ በረዶ ይሠራል።

ስለዚህ ከውጭ ከ32 ፋራናይት (0 ሴንቲግሬድ) በታች በሚወርድበት ሌሊት ፈርነሱ የግድ መሥራት አለበት። የኤሌክትሪኩን ሂተር ዝቅ፣ ቴርሞስታቱን ከፍ አድርጉና ፈርነሱ በየሰዓቱ ደጋግሞ ይነሳ። 1500 ዋት ሂተር በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ስለሚስብ ባለ 15 አምፔሩን መስመር ብቻውን ይጨርሰዋል። በዚያው መስመር ማይክሮዌቭ ከተጨመረ ብሬከሩ ይወርዳል፤ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ከሰካችሁት ደግሞ ገመዱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ግምት ይበቃል ብላችሁ አትተዉት። ገመድ አልባ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ አንዱን ሴንሰር የውሃና የፍሳሽ መግጠሚያዎቹ ባሉበት የጎን ሳጥን ውስጥ፣ ሌላውን ኩሽናው ማጠቢያ ሥር አስቀምጡ። አላርሙን 38 ፋራናይት (3 ሴንቲግሬድ) ላይ ሙሉት። በዚያ ሙቀት ሲጮህ ገና ጊዜ አላችሁ፤ የቁም ሳጥን በሮቹን ከፍቶ ሙቀት ማስገባት ብቻውን ብዙ ጊዜ ያድናል።

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። አርቪ ላይ የተለመደው ተጣጣፊው የፔክስ ቧንቧ ትንሽ ይለጠጥና ይተርፋል፤ የሚሰነጠቁት መገጣጠሚያዎቹ፣ የፓምፑ ራስ፣ የማጣሪያው ቤትና የሽንት ቤቱ ቫልቭ ናቸው። ስንጥቁም የሚታየው በረዶው ሲቀልጥ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው የውጭውን ሻወር ነው። ከብርዱ የሚለየው ስስ የፕላስቲክ በር ብቻ ነው። ብርዱ ሳይገባ መስመሩን ከውስጥ ዝጉ፣ ውሃውን አፍስሱ፣ ከበሩ ጀርባም ፎም ለጥፉ። መስመሩ የራሱ መዝጊያ ከሌለው አንድ ማስገጠም ርካሽ መድኃኒት ነው።

ውሃ የሚመጣበትን ነገር በሁለት መንገድ መያዝ ይቻላል። አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የውሃ ጎማ ነው፤ ጎማው ግን ራሱን ብቻ ስለሚያሞቅ የግቢውን ቧንቧ አፍና አርቪው ላይ ያለውን መግጠሚያ በማሞቂያ ገመድና በፎም መጠቅለል አለባችሁ። ሁለተኛው፣ እኛ የምንመርጠው፣ የንጹህ ውሃውን ታንክ ሞልቶ ጎማውን ነቅሎ፣ ውሃውን አፍስሶ ማስቀመጥና በአርቪው ፓምፕ መጠቀም ነው። በዊንተር ክፍት የሚቆዩ ካምፖች ብዙዎቹ ያላቸው በረዶ የማይዘው ረጅም ቧንቧ ነው። እሱ ሲዘጋ በውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ባለ ቀዳዳ ይፈሳል። በዘጋችሁት ጊዜ ውሃ የሞላ ጎማ ከተሰካበት ግን መፍሰስ ስለማይችል ይረጋል። ግማሽ መክፈትም አይሆንም፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ክፈቱት ወይ ሙሉ በሙሉ ዝጉት።

ቧንቧውን ጠብ ጠብ እያደረጉ ማሳደር ለቤት ይሠራል፣ ለአርቪ አይሠራም፤ ወይ የፍሳሽ ታንኩ ሞልቶ ያድራል፣ ወይ ቫልቩ ክፍት ከሆነ ጠብታው ፍሳሽ ጎማው ውስጥ ተደራርቦ እየረጋ ጠዋት ጎማውን ድፍን የበረዶ ምሰሶ አድርጎት ታገኙታላችሁ። ሁለቱንም የፍሳሽ ቫልቮች ዘግታችሁ ታንኩ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ልቀቁት፤ ጎማውም ምንም ውሃ እንዳይቋጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ታች ያዘንብል።

አንድ ቦታ ለሳምንታት የምትቆሙ ከሆነ የአርቪውን ሥር ዙሪያውን መሸፈን ከሁሉም ይበልጣል። 2 ኢንች ውፍረት ያለው ጠንካራ የፎም ሰሌዳ መሬት እስኪነካ ቆርጣችሁ መጋጠሚያውን በፎይል ቴፕ ዝጉ፣ ከታችም በረዶ ቆልሉበት፤ በረዶ ራሱ ነፋስ ይከለክላል። የፈርነሱን የጭስ መውጫ ግን አትሸፍኑ። ሥሩ ተሸፍኖ ጄኔሬተር ወይም ሞተር ማስነሳትም ክልክል ነው፤ ጭሱ ከሥር ታምቆ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። መመርመሪያው አላርም የሚሠራ መሆኑን በየሳምንቱ ቁልፉን ተጭናችሁ አረጋግጡ።

ከውስጥ ደግሞ ሞተርሆም (ራሱ የሚነዳ አርቪ) ላይ ብዙ ሙቀት የሚያስወጣው የፊት መስታወቱ ነው። የሹፌሩን ክፍል በወፍራም ብርድ ልብስ ከጣሪያ እስከ ወለል ጋርዱ፣ የጣሪያውን መስኮቶች (ብዙውን ጊዜ 14 በ14 ኢንች ናቸው) ልካቸው በሆነ የፎም ትራስ ድፈኑ፤ አንዷን ግን በትንሹ ክፍት አድርጉ። እንፋሎት መውጫ ካጣ ፍራሹ ሥር ሻጋታ ይሆናል። የጭስ መውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ነገሩን ያባብሰዋል፤ አንድ ፓውንድ ፕሮፔን ሲቃጠል ከአንድ ተኩል ፓውንድ በላይ ውሃ በእንፋሎት ይለቃል።

ፕሮፔኑን አስቀድማችሁ አስሉ። ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር ወደ 430,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ) ይይዛል። በሰዓት 30,000 ቢቲዩ የሚወስድ ፈርነስ ሳያቋርጥ ቢሠራ በ14 ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ግማሹን ጊዜ ቢሠራ አንድ ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው። ከመብራት ውጭ ከሆናችሁ ባትሪውም አለ። የፈርነሱ ማራገቢያ 8 አምፔር ቢስብና ግማሹን ጊዜ ቢሠራ በሰዓት 4 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ስለሆነ 12 ሰዓት ይበቃል ማለት ነው፣ በብርድ ደግሞ ያንሳል። ማራገቢያው ሲደክም ፈርነሱ ጋዝ ቢኖርም አይቀጣጠልም። የሊቲየም ባትሪ ከ32 ፋራናይት በታች ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል፤ ከውስጥ አስቀምጡት።

ጥንቃቄው ሁሉ አልፎ መስመሩ ቢረጋ ፓምፑን አጥፉ፣ ቧንቧውን ክፈቱ፣ ከቧንቧው አፍ ጀምራችሁ ወደ ኋላ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁ። ከመሃል ከጀመራችሁ የቀለጠው ውሃ መውጫ ያጣል። እሳት በፍጹም አታስጠጉ። ውሃው መውረድ ሲጀምር ቧንቧውን ዝጉና ፓምፑን አብሩ፤ ማንም ሳይከፍት ፓምፑ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል።

አርቪውን ትታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ማሞቅ ሳይሆን ውሃውን ማውጣት ነው ያለባችሁ። የውሃ ማሞቂያውን አጥፉና ይቀዝቅዝ፤ ግፊቱን በሙቅ ውሃው ቧንቧ ካስተነፈሳችሁ በኋላ ብቻ መክደኛውን ፍቱ፣ አለበለዚያ የፈላ ውሃ ፊታችሁ ላይ ይወነጨፋል። ታንኮቹን ሁሉ አፍስሱ፣ ማሞቂያውን በባይፓስ ቫልቩ ከመስመር አውጡት፣ ከዚያም በፓምፑ ሮዙን የአርቪ አንቲፍሪዝ (መስመሩ በረዶ እንዳይሠራ የሚከላከል ፈሳሽ) ሳቡ። 2 ወይም 3 ጋሎን ለአብዛኛው ይበቃል። እያንዳንዱን ቧንቧ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም፣ ሮዝ እስኪወጣ ክፈቱ፤ የውጭውን ሻወርና ሽንት ቤቱንም ጨምሩ። በየማጠቢያው ሲፎን አንድ ኩባያ አፍስሱ። የመኪናው አንቲፍሪዝ መርዝ ስለሆነ የመጠጥ ውሃ መስመር ውስጥ በምንም ምክንያት አይገባም። ሮዙም ቢሆን ከቀረ ውሃ ጋር ከተቀላቀለ አቅሙ ስለሚቀንስ መጀመሪያ መስመሩን በአየር ንፉት፣ ግፊቱ ከ40 ፒኤስአይ አይለፍ።