ልጅዎ ዳሩ የሚደበዝዝ መነጽር ሲታዘዝለት

«ልጄ በጎን ሲያይ ይደበዝዝበታል፤ ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?» ቱሉ ዲምቱ ወደምሠራበት መነጽር ቤት የሚመጡ ወላጆች የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። አልተበላሸም። የማዮፒያን (ሩቁን አጥርቶ ያለማየትን) ጭማሪ ከሚገቱት ሌንሶች አንዱ የሆነው ማዮስማርት መሀሉ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥርት ያለ ክብ አለው። ዙሪያውን የከበቡት 400 ያህል ጥቃቅን ሌንሶች ከብርሃኑ ከፊሉን ከሬቲናው (ከዓይን ኋላ ብርሃን ከሚቀበለው ሽፋን) ፊት ስለሚያሳርፉት ዓይን ወደ ኋላ እየረዘመ ማዮፒያው እንዳይጨምር ያግዛሉ። በሆንግ ኮንግ ልጆች ላይ ለ2 ዓመት በተካሄደ ጥናት የማዮፒያው ጭማሪ ተራ መነጽር ካደረጉት ልጆች በ52 በመቶ ያነሰ ሆኗል። ልጁ «ደበዘዘብኝ» ባለ ማግስት መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ በጣም የማዝነው ለዚህ ነው።

ዓይን ከመሀል ወደ ጎን 10 ዲግሪ ያህል ሲዞር ከጥርት ክቡ ይወጣል። ይህ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ባለ ደብተር ላይ 14 ሴንቲ ሜትር፣ 3 ሜትር በራቀ ሰሌዳ ላይ 1 ሜትር ያህል ስፋት ማለት ነው። ቤት ውስጥ ይሞክሩት፦ የልጁን አገጭ ይዘው በእርሳስ የተጻፈ ፈዛዛ መስመር በዓይኑ ብቻ ዳር ድረስ ያንብብ። ፊደሎቹ አይጠፉም፤ ግን ይሳሳሉ። አገጩን ሲለቁትና ፊቱን ሲያዞር ይጠራሉ። ልዩነቱን ራሱ ካየ በኋላ ብዙ ምክር አያስፈልገውም። መምህሩንም አነጋግረው ከሰሌዳው ትይዩ ያስቀምጡት።

ከሁሉ የሚበልጠው ልኬቱ ነው። ሌንሱን ዘመድ ከውጭ የሚልክልዎ ቢሆንም በአሮጌ ወረቀት ላይ ባለ ቁጥር አይዘዙ። መጀመሪያ ፍሬሙ ይመረጥ፤ አፍንጫውና ጆሮው ላይ ይስተካከል። ከዚያ ባለሙያው ከልጁ እኩል ቁመት ተቀምጦ፣ ልጁ ቀጥ ብሎ እያየ፣ የቀኝና የግራ ብሌኑን መሀል ለየብቻ በነጥብ ምልክት ያድርግ። ፍሬሙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አፍንጫ ጫፍ ከወረደ ጥርት ክቡም አብሮት ይወርዳል፤ ልጁም ቀኑን ሙሉ በድብዝዙ ያያል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሲወርድ መደገፊያውን ይያዝ፤ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ዝቅ ያድርግ። አመሻሽ ላይ፣ መብራት በሌለው መንገድ፣ በዳሩ በኩል ማየት ይበልጥ ይከብዳል። ባጃጅ በሚበዛበት ሲሻገር ፊቱን ወደ ሁለቱም ጎን ሙሉ በሙሉ ያዙር።

አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉት፤ መጀመሪያ በውኃ ያለቅልቁት። ልጁ መነጽሩን ከእንቅልፍ እስከ እንቅልፍ ያድርገው። ፍሬሙ በላላ ቁጥር ደግሞ ይዘውት ይምጡ፤ ብሎን ለማጥበቅ ገንዘብ አልጠይቅም።